እኅቴ አንደኛ የወጣችበት ፈተና አልነበረም

ቀን፦ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.
አምስተርዳም

ለደብራችን ሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት
ለሊቀ መንበሩ ለቀሲስ ዘአማኑኤል
ሮተርዳም

አመልካች፦ ሄርሜላ ፈቃደ፣ የሟች ወይዘሮ ኤልፍነሽ የመጀመሪያ ልጅ
አድራሻ፦ ኢንዲሸ ቡርት፣ አምስተርዳም

ጉዳዩ፦ ስለ ታናሽ እኅቴ ስለ ኑኃሚን ፈቃደ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጽሕፈት ቤቱ የተጻፈው የምስክርነት ደብዳቤ በእውነተኛው እንዲታረምልን ስለመጠየቅ

ክቡር አባታችን፣

እንደ ወጉ ስለ ጤናዎና ስለ ቤተሰብዎ ጠይቄ መጀመር ነበረብኝ። የቀረኝ አሥራ ሰባት ቀን ብቻ ስለሆነ ይቅር ይበሉኝና በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ። አጭር ለማድረግ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ቀድጃቸዋለሁ። ይህ አራተኛው ነው፤ ረጅም ነው።

1. አባቴ አቶ ፈቃደ ሰኔ 19 ቀን፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ጁን 26፣ አምስተርዳም ፍርድ ቤት እንዲቀርቡ መጥሪያ ደርሷቸዋል። የተባለባቸው ሁለት ነገር ነው፦ ልጃቸውን ከትምህርት አስቀርተዋል፣ ስለዚሁም ለማዘጋጃ ቤቱ እውነት ያልሆነ ቃል ሰጥተዋል። ሁለቱም የተነሡት ከጽሕፈት ቤታችሁ ከወጣው አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው እንዲጻፍልን የለመንሁት፣ ወደ ሆላንድኛ የተረጎምሁትና በእጄ ያስረከብሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ይህ አቤቱታ በማንም ላይ የቀረበ ክስ አይደለም። ክስ ከሆነም መጀመሪያ በራሴ ላይ ነው።

2. ጉዳዩ ግልጽ እንዲሆን ሕጉን ባጭሩ ላስረዳ። በዚህ አገር አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ትምህርት ቤት መግባት ግዴታው ነው። ሕጉ ግን አንዲት ጠባብ በር ትቷል። በአካባቢያቸው ያሉት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ከእምነታቸው ጋር የማይሄዱላቸው ወላጆች፣ ይህንኑ በየዓመቱ ከጁላይ በፊት በጽሑፍ ካሳወቁ፣ ልጁም ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ትምህርት ቤት ያልተመዘገበ ከሆነ፣ ከግዴታው ነጻ ይሆናሉ። እናቴ ለኑኃሚን ስድስት ዓመት እንዲህ አድርጋለች። ስድስቱንም ማሳወቂያ እሷ ጻፈች፣ አባቴ ፈረሙ፤ አንዱም አንድ ቀን አልዘገየም። በማሳወቂያው ላይ ያለው ቃል እውነት ነበር። ኑኃሚን ትምህርት ቤት ተመዝግባ አታውቅም።

(እናቴን አንቺ፣ አባቴን እርስዎ እያልሁ ነው ያደግሁት። በዚህ ወረቀት ላይም እንደዚያው ስለምቀጥል ለእናቴ ክብር የነሣሁ እንዳይመስልብኝ።)

3. ትምህርቱ ምን እንደነበር ጉባኤው በትክክል የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ከኪዳን በኋላ ሻይ ላይ ብዙ ሲባል ሰምቻለሁ። አንዳንዱ «ልጅቷን ደበቀቻት» ይል ነበር። እውነቱ ይህ ነው። እናቴ ከሰዓት በኋላ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራ ስለነበር ጠዋቱ የኑኃሚን ነበር። መማሪያ መጽሐፍ የሚባል ነገር ቤታችን አልገባም። ታሪክ ነበር የምታነብላት፦ ከዳፐርማርክት ገበያ ያገለገሉ መጻሕፍት ከሚሸጠው ሰውዬ የገዛችውን፣ ቤተ መጻሕፍት ሲያጸዳ ያወጣውን፣ ከአዲስ አበባ መንገደኛ በሻንጣ ያመጣላትን። ሽፋናቸው የተቀደደውን በተረፈ የግድግዳ ወረቀት ትለብዳቸዋለች። አንድ ምዕራፍ አንድ ጊዜ ብቻ ታነባለች፤ አይደገምም። ከዚያ መጽሐፉን ትዘጋና «በይ ንገሪኝ» ትላለች።

ኑኃሚን ትተርካለች። እናቴ ልጅቷ ያለችውን ሳትቀንስ ሳትጨምር ደብተር ላይ ትጽፋለች፤ ሆላንድኛውን በሆላንድኛ፣ አማርኛውን በአማርኛ። መርከበኞች የቀረቻቸውን ዳቦ ለአሥራ አንድ ሰው ሲካፈሉ፣ እነሱም ወጥ ቤት ዳቦ ቆርሰው ይካፈላሉ፤ ሒሳብ ማለት ያ ነበር። ታሪኩ ውስጥ ስሙ የተጠራ ዛፍ ካለ ፍሌቮፓርክ መናፈሻ ሄደው ይፈልጉታል። ሲያጡት እናቴ «ደራሲው ዋሽቶናል» ትላለች፣ ኑኃሚን ደግሞ «ኧረ አንቺ ነሽ ያላየሽው» ትላታለች። የእናቴን ሆላንድኛ በየመስመሩ ታርምላት ነበር። እናቴ አትቆጣም፤ «እሺ መምህርት» ብላ ትቀጥላለች።

ከባድም ነበር፣ አልደብቅም። እናቴ የተማረችው እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ክፍልፋይ ሲመጣ ዴን ሃግ ድረስ ትደውልልኛለች። እኔ ትራም ውስጥ ቆሜ፣ አንድ እጄ ብረቱን ይዞ፣ አካፋይና ተካፋይ አስረዳታለሁ። «ቀስ በይ እንጂ፤ አንቺ ዶክተር ነሽ፣ እኔ ስምንተኛ ክፍል ነኝ» ትለኛለች። ዶክተር አይደለሁም። ባለፈው ክረምት ዴን ሃግ ከመምህራን ኮሌጅ የተመረቅሁ ጀማሪ ነኝ። አንዳንድ ቀን ኑኃሚን መተረክ እምቢ ብላ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች፤ እናቴም ወጥ ቤት ገብታ ታለቅሳለች። ያኔ ነው «ልጄን አበላሸኋት ይሆን?» የምትለኝ።

እናቴ ወደ ሥራ ስትወጣ አባቴ ከዛንዳም ከካካዎ ፋብሪካ ይገባሉ። ጫማቸውን ሳያወልቁ ደረጃው ላይ ይቀመጣሉ፣ ጃኬታቸው ቸኮላት ቸኮላት ይሸታል፤ ኑኃሚን የጠዋቱን ምዕራፍ እንደገና ለእሳቸው ትነግራቸዋለች። አንዳንዴ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። አትቆጣም። ማንኮራፋት የጀመሩበትን ቦታ ትይዝና በማግስቱ ከዚያው ትቀጥላለች።

4. እናቴ ኅዳር 9 ቀን አረፈች። ጸሎተ ፍትሐቱን ያደረሱት እርስዎ ስለሆኑ ስለዚያ ቀን አልጽፍም።

5. በጥር ወር መጀመሪያ የማዘጋጃ ቤቱ የትምህርት ግዴታ ተቆጣጣሪ ለአባቴ ጻፈች። ጨዋ ሴት ናት። የሐዘን ቃል አስቀድማ፣ የምታስተምረው እናት ካረፈች ልጅቷ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለች ለመነጋገር ጥር 21 ቀን ጠራችን። ደብዳቤ አምጡ አላለችም። ደብዳቤ ያስፈልጋል ያልሁት እኔ ነኝ። ባዶ እጃችንን መሄድ ጨነቀኝ፤ ነገር ሳይጠየቅ መሮጥ ደግሞ የቆየ አመሌ ነው። ለጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ለአቶ ባዩ ደወልሁና «ጋሼ፣ ስለ ኑኃሚን አንድ የምስክር ወረቀት ይጻፉልን፤ ጠንከር ይበል» አልኋቸው።

ጠንከር አለ። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ ተማሪ ኑኃሚን ፈቃደ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በደብሩ ትምህርት ቤት በሳምንት አምስት ቀን ትምህርቷን በመከታተል ላይ የምትገኝ፣ በስምንት የትምህርት ዓይነት ተፈትና ከክፍሏ አንደኛ የወጣች፣ በጠባይዋም የተመሰገነች ናት። ከሥር ክቡ ማኅተም አለበት።

ክቡር አባታችን፣ እርስዎም እኔም የምናውቀው፣ በደብራችን ያለው የሕፃናት ጉባኤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ አሥራ ስድስት ልጆች ሆነው መዝሙር የሚያጠኑበት ነው። ስምንት የትምህርት ዓይነት የለም። ፈተና የለም። አንደኛም ሁለተኛም የለም።

ይህን ስተረጉም አውቄዋለሁ። «በሳምንት አምስት ቀን» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆሟል። ቢሆንም ማኅተም ያለበት ወረቀት ላይ መስመር መሰረዝ ድፍረት ነው ብዬ፣ ደግሞም፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ፣ ተረጎምሁት። እናቴ በሕይወት እያለች ማንም አንደኛ ብሏት አያውቅም ነበር።

6. ተቆጣጣሪዋ ወረቀቱን ተቀብላ አመሰገነች። ሁለተኛ የጠራችን የካቲት 6 ቀን ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠች፤ አንዱ እናቴ የጻፈችው የመጨረሻው ማሳወቂያ፣ ሌላው የደብሩ ደብዳቤ። አንዱ ልጅቷ ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም ይላል፣ ሌላው አምስት ዓመት ሙሉ ያልተፈቀደለት ትምህርት ቤት ስትመላለስ ኖራለች ይላል። የደብሩ ደብዳቤ እውነት ከሆነ ማሳወቂያዎቹ ሐሰት ናቸው፣ ከግዴታው ነጻ መሆናችንም ይቀራል። «ከሁለቱ የትኛው ነው እውነቱ?» ብላ አባቴን ጠየቀቻቸው። በመካከል ተቀምጬ የምተረጉመው እኔ ነበርሁ።

አባቴ ማኅተሙን አተኩረው አዩት። ከዚያ በአማርኛ «ቤተ ክርስቲያን ማኅተም አድርጋ አትዋሽም። የተሳሳትነው እኛ ነን፤ እንደዚያ በያት» አሉኝ።

«አባባ፣ እንደሱ አይደለም እኮ» አልኋቸው።

«በያት አልሁ።»

ተረጎምሁ። እንደዚያ ቀን አሣምሬ ተርጉሜ አላውቅም። አንድ ቃል አልጨመርሁም፤ ይህን ደብዳቤ የለመንሁት እኔ ነኝ፣ ስሕተት እንዳለበትም አውቅ ነበር የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ስችል አልጨመርሁም። ሴትዮዋ ጻፈች፣ አባቴ ፈረሙ።

ወደ ቤት ስንመለስ ለምን እንደዚያ እንዳሉ ጠየቅኋቸው። «ታዲያ ባዩ ዋሸ ልበላት?» አሉኝ። «ባዩ እኮ የእናትሽን ሣጥን በትከሻው የተሸከመ ሰው ነው።» ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አንሥተን አናውቅም።

7. ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ አዳራሽ ውስጥ አቶ ባዩን አነጋገርኋቸው። እዚህ ላይ የእኅቴን ነውር ልናገር። ኑኃሚን እዚሁ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች እርስዎ ማለት አይመጣላትም። ሰዉ መሀል ቆማ «ባዩ፣ አንተ እኮ ፈትነኸኝ አታውቅም» አለቻቸው። ሴቶቹ «ኧረ ልጅት፣ እርስዎ በይ!» ብለው ሳቁ። አቶ ባዩ አልሳቁም። ኮሪደሩ ላይ ብቻችንን ስንሆን «ሄርሜላ ልጄ፣ ለኤልፍነሽ ልጅ ሁለተኛ ወጣች ብዬ ልጻፍ ኖሯል?» አሉኝ። «እናቷን ቀብረን የመጣን ሰሞን ነው። ትንሽ ከፍ ባደርጋት ማን ይጎዳል ብዬ ነው። አገር ቤት እንዲህ ተጽፎ ስንቱ ሰው ሆኗል።» ስለ መጥሪያው ስነግራቸው፣ ማኅተም የተመታበትን ደብዳቤ ማረም የእሳቸው ሥልጣን እንዳልሆነ፣ ለጉባኤው በጽሑፍ እንዳመለክት የመከሩኝ ራሳቸው ናቸው። ይህ አቤቱታ በእሳቸው ምክር የተጻፈ መሆኑ እንዲያዝልኝ እጠይቃለሁ።

8. እስከዚህ ድረስ ያለው ለአቤቱታው ይበቃ ነበር። ነገር ግን ጉባኤው ልጅቷ ከቤት እንዳትወጣ ብለን የምንታገል መስሎት እንዳይወስን፣ የቀረውንም መናገር አለብኝ።

ለእናቴ እኔ እቀጥላለሁ ብያት ነበር። ሮተርዳም ካለ ትምህርት ቤት የሥራ ጥሪ መጥቶልኝ አቆየሁት። ጠዋት ጠዋት ማስተማር ጀመርሁ። ባለቀለም የጊዜ ሰሌዳ ሠርቼ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍሁ፤ ከየምዕራፉ በኋላ አምስት አምስት ጥያቄ አዘጋጀሁ፤ ኮሌጅ እንዲህ ነው የተማርነው። በሦስተኛው ሳምንት ኑኃሚን እርሳሷን አስቀመጠችና «እማዬ ጥያቄ አልነበራትም። እማዬ መስማት ነበር የምትፈልገው» አለችኝ። ጥያቄውን ተውሁት። ዝም ብዬ መስማት ግን አቃተኝ፤ ሳልጠራ እገባለሁ፣ አርማለሁ፣ «እና ምን ተሰማሽ?» እላለሁ።

እናቴ ጀምራው የቀረ አንድ መጽሐፍ አለ። ሽፋኑ ከመጀመሪያውም ስላልነበረው ስሙን አናውቀውም፤ የጀልባዋ መጽሐፍ ነው የምንለው። ያቆመችበት ገጽ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጋለች። ላነብላት ስጀምር ኑኃሚን እጇን ገጹ ላይ ታደርጋለች፤ «እሱን ተይው።» ተውሁት።

ከሰዓት በኋላ አሁንም ደረጃው ላይ ለአባቴ ትነግራቸዋለች። አባቴ አሁን አይተኙም። ዓይናቸው ክፍት ነው፤ ግን አይሰሙም። እሷም ታውቃለች። በፊት ሲተኙ ካቆመችበት ትቀጥል ነበር፤ አሁን ግን ከየት እንደምትቀጥል አይገባትም።

በግንቦት ወር ጫማዋን እያሠረች «ሄርሚ፣ ትምህርት ቤት ብገባ እማዬ ትቆጣለች?» አለችኝ። ለምን መግባት እንደፈለገች ጠየቅኋት። «የምነግረው ሰው እፈልጋለሁ» አለች። «እዚያ ብዙ ሰው አለ።»

በሴፕቴምበር ከቤታችን ሁለት መንገድ አልፎ ያለው ትምህርት ቤት ትገባለች። አባቴ ፈርመዋል። ስለዚህ የምንለምነው ደብዳቤ ኑኃሚንን ቤት ለማስቀረት አይደለም። ያ ነገር አብቅቷል። የቀረው ሌላ ነው። ደብዳቤው እንዳለ ከቀረ፣ ሰኔ 19 ቀን ዳኛው የሚያዩት አባቴ የፈረሙትን ብቻ ነው፤ የእናቴም ስድስት ማሳወቂያ ሐሰት ተብሎ መዝገብ ውስጥ ይቀመጣል። በሕይወቷ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የጻፈችው ሌላ ወረቀት የለም። እነዚያን ስድስቱን ለመጻፍ መዝገበ ቃላት እያገላበጠች ሳምንት ሳምንት ፈጅታለች። ሞታለችና ቀርባ እውነት ነው ማለት አትችልም። አባቴ በሕይወት አሉ፤ እሳቸው ደግሞ አይሉም።

9. ስለዚህ ጉባኤው የሚከተለውን እንዲፈጽምልን በትሕትና እለምናለሁ፤

ሀ) ኑኃሚን እሑድ እሑድ ለአንድ ሰዓት መዝሙር ለማጥናት ከመምጣት በቀር በደብሩ ተመዝግባ እንዳልተማረች፣ እንዳልተፈተነችና ደረጃም እንዳልወጣላት የሚገልጽ አዲስ ደብዳቤ እስከ ሰኔ 15 ቀን እንዲጻፍልን። ከፍ ማድረግ አያስፈልግም፤ እንዳለ ይበቃል።

ለ) የቀድሞውን ደብዳቤ ስሕተት መሆኑን እያወቅሁ ተርጉሜ ያስረከብሁት እኔ መሆኔ በአዲሱ ላይ በስሜ እንዲጠቀስ። ፍርድ ቤትም ቀርቤ ይህንኑ እናገራለሁ። ጀማሪ መምህርት ነኝና ለሥራዬ ጥሩ እንዳልሆነ የሚነግሩኝ አሉ፤ አስቤበታለሁ።

ሐ) አቶ ባዩ በዚህ ምክንያት ከአገልግሎታቸው እንዳይነሡ፣ በጉባኤም ፊት እንዳይወቀሱ። የሣጥኑ አንድ ጎን በእሳቸው ትከሻ ላይ ነበር፤ አባቴ ያሉት እውነት ነው።

መ) ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይከብደኛል። አባቴ ይህን መጻፌን አያውቁም። አዲሱ ደብዳቤ እጃቸው ቢገባም ቤተ ክርስቲያንን አሳጥቼ እኔ አልነጻም ብለው ኪሳቸው ውስጥ እንደሚያስቀሩት አውቃለሁ። እኔ ብነግራቸው ልጅ ነኝ፤ ጠበቃ ቢነግራቸው ፈረንጅ ነው። እውነቱን መናገር ቤተ ክርስቲያንን ማዋረድ እንዳልሆነ እርስዎ ራስዎ መጥተው እንዲነግሯቸው እለምንዎታለሁ።

ከዚህ ጋር የቀድሞውን ደብዳቤና ትርጉሙን በግልባጭ፣ ከእናቴ አሥራ አንድ ደብተሮች ደግሞ የመጨረሻውን እንዳለ አያይዣለሁ። መጨረሻው ገጽ ላይ የእናቴ ጽሕፈት መሀል ላይ ይቆምና ሦስት መስመር በኑኃሚን እጅ ይቀጥላል፤ እናቴ ክንዷ ደክሟት እስክሪብቶውን የሰጠቻት ቀን ነው። ፈተና ከተባለ እሱ ነበር። ማንም አላረመውም። ደብተሩ ሌላ ቅጂ የለውምና አደራዎን።

አባቴ ከዛንዳም የሚመለሱት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ደረጃው ላይ ያገኟቸዋል። ኑኃሚን ጠጋ ብላ ቦታ ትለቅልዎታለች፤ አንተ ብትልዎ ይቅር ይበሏት። ጊዜ ካለዎትም፣ ከአባቴ ጋር ከመነጋገርዎ በፊት፣ አንድ ጊዜ «በይ ንገሪኝ» ይበሏት።

ከትሑት ሰላምታዬ ጋር

ሄርሜላ ፈቃደ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦ ለአቶ ባዩ